እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጀግና ሲኖረው፦ የአሜሪካ የሬስሊንግ ግዛቶች እንዴት ቆመው እንዴት ፈረሱ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በአንድ የእሁድ የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን አላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከኋላ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ምን ታወራልናለህ?" አሉኝ። "ስለ ትግል" አልኳቸው። አንዷ እህታችን ደስ ብሏት "ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር የታገለውን ነው?" አለችኝ። (ሳቅ) አይደለም እህቴ። ስለ ሬስሊንግ ነው። ሁልክ ሆጋን፣ ቲሸርቱን የሚቀደው ሰውዬ። ስልኩ ጸጥ አለ። ግን ይኸው ፈቅደውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ልጅ ሆናችሁ ሬስሊንግ አይታችሁ፣ ከአልጋ ላይ ታናሽ ወንድማችሁ ላይ ያልዘለላችሁ እጃችሁን አውጡ። አየሁ። ማንም የለም። (ሳቅ)

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ሬስሊንግ የምናየው ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ አክስቴ ቤት። አክስቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን ክፉው ሰውዬ ከዳኛው ጀርባ ወንበር ሲያነሳ "ኧረ ይሄ ዳኛ ዕውር ነው እንዴ!" ብላ ትጮሃለች። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ተነጋግረው እንደሚገቡ ብነግራት አታምነኝም ነበር። ልክ ናት። እዚህ አገር የእሷ ዓይነት ሚሊዮን ሰው ነበር። ዛሬ የማወራው በእነሱ ገንዘብ ስለቆመ ሥራ ነው።

በቪዲዮ ቤት እኛ ያየነው አሸናፊውን ነው። አንዱን ትልቅ ድርጅት፣ ዛሬ WWE የሚባለውን፣ ብቻ ነው ያየነው። ከእሱ በፊት ግን አሜሪካና ካናዳ በብዙ ትንንሽ የሬስሊንግ ግዛቶች የተከፋፈሉ ነበሩ። "ክልል" ልላቸው ነበር፤ ስብሰባው እንዳይበተን "ግዛት" ብያለሁ። (ሳቅ፣ ጭብጨባ)

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። እንዴት ተሠራ? እንዴት ይኖር ነበር? እንዴት ፈረሰ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ የምወደው እሱን ስለሆነ።

የመጀመሪያው። ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 1948 ነው። አዮዋ ውስጥ ዋተርሉ በምትባል ከተማ ጥቂት ፕሮሞተሮች፣ ማለትም ግጥሚያ አዘጋጅተው ትኬት የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ተሰበሰቡ። የጠራቸው ፒንኪ ጆርጅ የሚባል የደሞይን ሰው ነው። ስምምነታቸው ቀላል ነበር። አንተ ከተማ እኔ አልገባም፤ እኔ ከተማ አንተ አትገባም። የዓለም ሻምፒዮን የምንለው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱን በየተራ እንጋራው። ማኅበሩን ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ አሉት። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኦርቪል ብራውን በ1949 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከሪንግ ወጣ። ቀበቶው ወደ ሉ ቴዝ ሄደ። ከ1950 ጀምሮ ደግሞ የሴንት ሉዊሱ ሳም መችኒክ ማኅበሩን ለረጅም ዘመን መራው።

ሲሰሙት ሰላማዊ ይመስላል፣ አይደል? እስኪ እንደ ሬስለር ሆናችሁ አስቡት። አንዱን ፕሮሞተር ካስቀየምክ ስልክ ይደዋወላሉ፤ የትም ሥራ አታገኝም። ያለፈቃድ አዳራሽ የተከራየ ሌላ ፕሮሞተር ደግሞ ሁሉም ተባብረው ያደርቁታል። በአማርኛ ይሄ አድማ ነው። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም እንደዚያ ነው ያየው። በ1956 ከሰሳቸው። እነሱም "ከእንግዲህ አናደርግም" ብለው ፈረሙ። ፈርመው ሲያበቁ በጓሮ በኩል ቀጠሉ።

ይሄን ቀድሜ የምናገረው "ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር" የሚል ሰው ስለማልወድ ነው። ግዛቶቹን እወዳቸዋለሁ። የተሠሩት ግን በአድማ ነው።

ካርታው ምን ይመስል ነበር? ፖርትላንድ የዶን ኦወን። ሚኒያፖሊስ የቨርን ጋኜ። ዳላስ የፍሪትዝ ቮን ኤሪክ። ፍሎሪዳ የኤዲ ግራሃም። ካሮላይናዎቹ የክሮኬት ቤተሰብ። ካልጋሪ የስቱ ሃርት። አማሪሎ፣ ቴክሳስ የፈንክ ቤተሰብ። ኦክላሆማና ሉዊዚያና በኋላ የቢል ዋትስ። እያንዳንዱ የራሱ ቲቪ፣ የራሱ አዳራሽ፣ የራሱ ጀግና አለው። የዳላስ ሕዝብ የሚያመልከውን ሰው ፖርትላንድ ላይ በስሙ የሚያውቀው የለም።

ዋሽንግተንስ የማን ነበረች? እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ከእናንተ ግማሾቻችሁ ዩ ስትሪት አካባቢ ወይ ሠርታችኋል፣ ወይ ክትፎ በልታችኋል፣ ወይ የፓርኪንግ ቅጣት ተቀጥታችኋል። (ሳቅ) ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ፣ 14ኛ ጎዳናና ደብልዩ ስትሪት ላይ፣ ተርነርስ አሬና የሚባል አዳራሽ ነበር። የቪንሰንት ማክማሃን ቤት ነው። አባትየው፣ ልጁን አይደለም የምላችሁ። ኋላ ካፒቶል አሬና ተባለ። በ1956 ከዚያ አዳራሽ የሬስሊንግ ፕሮግራም በቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ ኒው ዮርክም ደረሰ። ኒው ዮርኮች በቲቪ ያዩትን ሰው በአካል ለማየት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተሰለፉ። የዲሲው ሰውዬ በቲቪ በኩል ኒው ዮርክን ያዘ። ይሄን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ጊዜ ታክሲ ስነዳ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ጫንኩ። 14ኛ ጎዳና ላይ ስንደርስ "ልጅ ሆኜ እዚህ ሬስሊንግ አይ ነበር" አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ሬስሊንግ የሚወድ ሐበሻ ሹፌር ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፤ መድረሻቸው ላይ ቆመን ብዙ አወራን። የሲጋራው ጭስ ከመብራቱ ስር እንደ ደመና ይቆም ነበር አሉኝ። አዳራሹ በ60ዎቹ ፈርሷል።

ማክማሃን በ1963 ከማኅበሩ ወጣና የራሱን ሻምፒዮን አቆመ። ግንቦት 17 ቀን ብሩኖ ሳማርቲኖ በ48 ሰከንድ ቀበቶውን ወሰደ። ብሩኖ ማነው? ጣሊያን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከጀርመን ወታደሮች ሸሽቶ ከእናቱ ጋር ተራራ ላይ ተደብቆ የተረፈ፣ በ1950 ፒትስበርግ የገባ ስደተኛ። ኒው ዮርክ በጣሊያኖች የተሞላች ናት። በ1971 ደግሞ ቀበቶውን ፖርቶሪካዊው ፔድሮ ሞራሌስ ያዘው። ኒው ዮርክ በፖርቶሪካውያንም የተሞላች ናት። አያችሁ ሒሳቡን? ፕሮሞተሩ ማን ትኬት እንደሚገዛ ያያል፤ ሻምፒዮኑን ከገዢው ወገን ይመርጣል። ያኔ ዲሲ ውስጥ እንዲህ በዝተን ቢሆን ኖሮ አንድ ገብሬን ቀበቶ ያስታጥቁልን ነበር። (ሳቅ)

ወደ ሁለተኛው ልግባ። እንዴት ይኖር ነበር? ለዚህ ሜምፊስ እንሂድ፤ በ70ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ። ፕሮሞተሩ ጄሪ ጃሬት፣ ንጉሡ ጄሪ ሎውለር። "ንጉሡ" ስል ማጋነን አይደለም፤ ዘውድ ደፍቶ ነው የሚገባው።

ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይጀምራል። ቻናል 5 ስቱዲዮ ውስጥ፣ በቀጥታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሪንጓ ጠባብ ናት፤ ተመልካቹ ትንሽ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላንስ ረስልና ዴቭ ብራውን ይቀመጣሉ። ዴቭ ብራውን የዚያው ጣቢያ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ነው። በሳምንቱ "ነገ ዝናብ ይጥላል" ብሎ የነገራችሁ ሰው ቅዳሜ ጠዋት "ሎውለርን በወንበር መቱት!" ይላችኋል። እንዴት አታምኑትም?

ቲቪው ላይ ትልቁ ግጥሚያ አይታይም። ጠቡ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ ሌላውን ይሰድባል፣ ማይክራፎን ይቀማል፣ ጓደኛ ጓደኛውን ይከዳል። ሊለይላቸው ሲል ሰዓቱ ያልቃል። መጨረሻው የት ነው? ሰኞ ማታ፣ ሚድሳውዝ ኮሊሲየም። በትኬት። ማክሰኞ ያው ጠብ ሉዊቪል ላይ ይደገማል፤ ረቡዕ ኢቫንስቪል። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ቲቪ። በዓመት ሃምሳ ሁለት ጊዜ አዲስ ጠብ መፍጠር አለባቸው። የዛሬ ሲሪያል ጸሐፊዎች ይሄን ያህል አይለፉም።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ያምናል። አሮጊቶች የባርኔጣ መርፌ ይዘው ክፉውን ሰውዬ ሲያልፍ ይወጉት ነበር። በ1976 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ኦሌ አንደርሰን የሚባለውን ክፉ ሬስለር አንድ አዛውንት ተመልካች በቢላ ወጋው። ለዚህ ነው ምስጢሩ እንደ ሃይማኖት የሚጠበቀው። "አክተሩ" እና ክፉው በአንድ መኪና አይሄዱም። በአንድ ሬስቶራንት አይበሉም። አንድ ከተማ ሲደርሱ እንደማይተዋወቁ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 1975። ከሻርሎት ወደ ዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሳ ወደቀች። ውስጧ ሬስለሮች ነበሩ። ሪክ ፍሌር የ26 ዓመት ልጅ ነው፤ ጀርባው ተሰበረ። ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆነ፤ ሁለተኛ ሪንግ አልገባም። አብራሪው በኋላ ሞተ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከክፉዎቹ መሐል አንድ "አክተር" አብሮ ተሳፍሯል። ቲም ዉድስ ይባላል። ጠላቶቹ ከተባሉት ጋር በአንድ አውሮፕላን! ሆስፒታል ላይ ስሙን ሲጠይቁት የሪንግ ስሙን አልሰጠም። እውነተኛ ስሙን ሰጠ፤ "ፕሮሞተር ነኝ" አለ። ወሬው ግን መናፈስ ጀመረ። ሰውየው ምን አደረገ? ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ገና ሳይድን፣ ሪንግ ገብቶ ታገለ። እኔ አውሮፕላኗ ውስጥ አልነበርኩም ለማለት። እስኪ አስቡት፤ ከሰማይ ወድቀህ፣ አልወደቅኩም ብለህ ለማሳመን እንደገና መውደቅ።

ከሜምፊስ ሳልወጣ ስለ ስፑትኒክ ሞንሮም ልንገራችሁ፤ ልጆቹ በተለይ ስሙኝ። በ50ዎቹ መጨረሻ ነው። ነጭ ነው። ክፉ ሆኖ የሚሠራ ሬስለር ነው። ያኔ ኤሊስ አዳራሽ ውስጥ ጥቁሮች የሚቀመጡት ላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ነው። ስፑትኒክ ግን ቀን ቀን ለብሶ፣ ዘንጦ፣ ጥቁሮቹ ሰፈር ቢል ስትሪት ይሄዳል። ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ትኬት ያድላል። ፖሊስ ያስረዋል። ፍርድ ቤት ጥቁር ጠበቃ ይዞ ይቀርባል። ነጮቹ እንዲሸነፍ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ጥቁሮቹ እንዲያሸንፍ። ሰገነቱ ሞልቶ ሰው ከደጅ ይመለስ ጀመር። ያኔ ስፑትኒክ "ደንበኞቼ የፈለጉበት ካልተቀመጡ አልታገልም" አለ። ፕሮሞተሩ ገንዘብ ከደጁ ሲመለስ አየ። ወንበሮቹን ከፈተ። ፕሮሞተሩን ጻድቅ አላደርገውም። የአካባቢውን ኪስ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር፤ በቃ።

አሁን ዋናውን ልበላችሁ። ንግግሬን ብትረሱ ይቺን አትርሱብኝ። ሬስለር አንድ ግዛት ውስጥ ለዘላለም አይቆይም። ወራት ይሠራል። ሕዝቡ ሲሰለቸው "ተሸናፊ ከተማውን ይልቀቅ" የሚባል ግጥሚያ ይደረጋል። ይሸነፋል። ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ግዛት ይነዳል። እዚያ ማንም አያውቀውም። ፀጉሩን ቀለም ይቀባል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ክፉ የነበረው ጥሩ ይሆናል። ያልሠራለትን ይጥላል፣ የሠራለትን ይይዛል። ፍሎሪዳ ላይ የከሸፈ ሰው ኦክላሆማ ላይ ንጉሥ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ጉልበቱ ያልቃል። ግን የሚሄድበት ሌላ ቦታ ነበረው። ሌላ ቦታ ነበረው!

ሦስተኛው፣ እንዴት ፈረሰ? ብዙ ሰው በአንድ ሰው ያላክካል። በልጅየው ቪንስ ማክማሃን። በ1982 የአባቱን ድርጅት ገዛ። ከዚያ ወደ ሰው ግዛት ሁሉ ገባ። ሆጋንን ከጋኜ ወሰደ፤ ጥር 1984 ሻምፒዮን አደረገው። ጃንክያርድ ዶግን ከቢል ዋትስ ወሰደ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የሕዝብ ጣዖት የነበረ ጥቁር ጀግና ነው። የአካባቢው ጣቢያዎች ሬስሊንግ የሚያሳዩበትን ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ያዘ።

ግን አጥሩን የሰበረው ቪንስ ነው? እኔ አይመስለኝም። አጥሩ የቆመው በቲቪ ሲግናል ነበር። የሜምፊስ ቻናል ዳላስ አይደርስም፤ ስለዚህ የሜምፊስ ጀግና ዳላስ አይደርስም። በ1976 ቴድ ተርነር የአትላንታ ጣቢያውን በሳተላይት ለኬብል ሰጠ። በዚያው ጣቢያ የሚተላለፈው የጆርጂያ ሬስሊንግ በመላ አገሪቱ መታየት ጀመረ። ፖርትላንድ ያለ ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ አትላንታን ያያል። ከዚያ ወጥቶ የአካባቢውን አዳራሽ ሲያይ አነሰበት። ስምምነቱ ወረቀት ላይ አለ፤ ግን አየሩ ላይ ድንበር የለም። አባትየው ከ14ኛ ጎዳና ኒው ዮርክን የያዘበትን መንገድ አልነገርኳችሁም? ልጁ ያንኑ ነው ያደረገው፤ በሳተላይት።

ሐምሌ 14 ቀን 1984 ጥቁር ቅዳሜ ይሉታል። የጆርጂያ ተመልካቾች እንደ ልማዳቸው ቲቪ ከፈቱ። የለመዱት አስተላላፊ ጎርደን ሶሊ የለም። የለመዷቸው ሬስለሮች የሉም። ቪንስ ማክማሃን ቆሞ ይስቃል። ድርሻውን ከባለቤቶቹ ገዝቶ ፕሮግራሙን ወስዶታል። ሰው በንዴት ጣቢያው ላይ ይደውል ጀመር። በዓመቱ ቪንስ ሰዓቱን ለክሮኬት በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በመጋቢት 1985 ደግሞ የቪንስ ትልቁ ዝግጅት፣ የመጀመሪያው ሬስልማኒያ ተደረገ።

ሌሎቹ ፕሮሞተሮች ዝም አሉ? አላሉም። ጋኜ፣ ክሮኬትና ሌሎችም ፕሮ ሬስሊንግ ዩኤስኤ በሚል ስም ተባበሩ። ተባበሩ ስል በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ ማለቴ ነው። አንዱ የሌላውን ጀግና እንዳይሰርቅ እየፈራ። ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

የራሳቸው ጣጣም ነበር። የዳላሱን ስነግራችሁ አዝናለሁ። ፍሪትዝ ቮን ኤሪክ ልጆቹን ኮከብ አድርጎ ነው ግዛቱን ያቆመው። ዴቪድ በ1984 ጃፓን ሄዶ ሞተ። ማይክ በ1987፣ ክሪስ በ1991፣ ኬሪ በ1993 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ከዚያ በፊት የበኩር ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በ1959 በአደጋ ሞቶበታል። ከስድስት ወንዶች ኬቨን ብቻ ቀረ። ይሄን ማንም ቪንስ ላይ ሊያላክክ አይችልም። የቢል ዋትስን አገር ደግሞ ነዳጅ ነው የጎዳው፤ በ1986 የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ከነዳጅ ሽያጭ በሚኖሩት ኦክላሆማና ሉዊዚያና ውስጥ ለትኬት የሚተርፍ ገንዘብ ጠፋ። በ1987 ለክሮኬት ሸጠ። ክሮኬት ራሱ በ1988 ለቴድ ተርነር ሸጠ። ጋኜ በ1991 ዘጋ። ዶን ኦወን በ1992። ሜምፊስ እስከ 1997 ተንፈራገጠች። በ2001 የተርነርንም ድርጅት ቪንስ ገዛው። አለቀ።

እስኪ እዚህ ውስጥ ታክሲ የነዳችሁ? ኦሆ፣ ግማሹ አዳራሽ! እንግዲህ ታስታውሳላችሁ፤ ዲሲ እስከ 2008 የታክሲ ሒሳብ በሜትር ሳይሆን በሰፈር ክፍፍል፣ በዞን ነበር። የታክሲ ካምፓኒ ባለቤቶቹ ደግሞ መላእክት አልነበሩም። የመኪና ኪራይ በየሳምንቱ ይቀበሉሃል፤ ሠራህ አልሠራህ ጉዳያቸው አይደለም። እኔም ከአንዱ ጋር ተጣልቻለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለትና በዚያው ሳምንት ሌላ ካምፓኒ ገባሁ። በኋላ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ መጣ። መጀመሪያ ቦነስ፣ ቦነስ፣ ቦነስ። ቀጥሎ ቁረጥ፣ ቁረጥ፣ ቁረጥ። አንድ ቀን ጠዋት አካውንቴ ተዘግቶ አገኘሁት። ለማን ልጩህ? ቁልፉን የምጥልበት ጠረጴዛ እንኳ የለም።

ሬስለሮቹ የደረሰባቸው ይሄ ነው። የሚታየው ገንዘብ ትልቅ ሆነ፤ ይሄን አልክድም። ሆጋን ሚኒያፖሊስ ጋኜ ዘንድ ቢቀር ያን ያህል አያገኝም ነበር። ግን ከመቶ ሰው አንዱ ነው ሆጋን። ለሌላው አለቃው አንድ ሆነ። ቢጣላ መሄጃ የለውም። ገና ጀማሪ ሆኖ የሚሳሳትበት ትንሽ ከተማም የለውም፤ የመጀመሪያ ስህተቱን አገር ሁሉ ያየዋል። በሕግ ደግሞ ሠራተኛ አይደሉም፤ ኮንትራክተር ናቸው። ኢንሹራንሱም ጡረታውም በራሳቸው ኪስ።

ድርጅቱ ራሱ በ1989 ኒው ጀርሲ ላይ "የእኛ ሥራ ስፖርት ሳይሆን መዝናኛ ነው" ብሎ ለባለሥልጣናቱ ተናገረ። የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ግብር እንዲቀርለት። ቲም ዉድስ የተሰበረ ገላውን ይዞ ሪንግ የገባበትን ምስጢር ለግብር ቅናሽ አወጡት።

የመጨረሻ ነገር ላንሳና ልቀመጥ። በ1986 ከሁለተኛው ሬስልማኒያ በፊት ጄሲ ቬንቱራ የሚባል ሬስለር መልበሻ ክፍል ውስጥ ተነሳ። "ማኅበር እንመሥርት፤ ይሄ ዝግጅት ያለ እኛ አይሆንም፤ ጊዜው አሁን ነው" አላቸው። ወሬው ቶሎ አለቃው ጆሮ ገባ። ዓመታት ቆይቶ ቬንቱራ ድርጅቱን ሲከስ፣ ያሳበቀው ማን እንደሆነ በመሐላ ቃል ተሰማ። ሁልክ ሆጋን ነው። አዎ፣ ቲሸርት የሚቀደው ሰውዬ፤ በቪዲዮ ቤት የጮህንለት። ቬንቱራ በ1998 የሚኒሶታ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። ትልቁ ድርጅት ውስጥ የሬስለሮች ማኅበር ግን እስከ ዛሬ የለም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን ተቀበሉ። (ጭብጨባ)